ቤንዚኑን ማን ጠጣው

መኪናችን ቤንዚን ማብዛት የጀመረችው ጥር ላይ ሳይሆን አይቀርም። እኔ የነቃሁት ግን የካቲት አጋማሽ ላይ፣ ነዳጅ ማደያ ተሰልፌ ሳለ ነው። ሰልፉ አልንቀሳቀስ ሲል ወዲያ ወዲህ ሳይ፣ እዚሁ ቦታ፣ እዚችው አጥር ሥር የቆምኩት ገና የዛሬ ሁለት ሳምንት መሆኑ ትዝ አለኝ። ድሮ አንዴ የሞላሁት ቤንዚን ወር ያደርሰኝ ነበር።

የምኖረው የካ፣ ዳገቱ ላይ ባለው የቤተሰቦቼ አሮጌ ቤት፣ ከአባቴና ከእናቴ ጋር ነው። ከእኛ በላይ ጥቂት ቤቶች አሉ፤ ከዚያ በኋላ ባሕር ዛፍ ብቻ ነው። መሥሪያ ቤቴ ቁልቁል የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ስለሆነ በሥራ ቀን መኪናዋን ግቢ ትቻት እሄዳለሁ። ሥራዋ ቀላል ነው። ረቡዕ ከሥራ በኋላ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የምትኖረው እህቴ ጋ ታደርሰኛለች፣ ቅዳሜ ገበያ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን። ይኸው ነው። ትንሽ ናት፣ ነጭ ናት፣ ማርሿ ማኑዋል ነው፤ ብታረጅም እስከዚያ ጊዜ አስቸግራን አታውቅም ነበር።

መኪናዋን የገዛት አባቴ ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የሰሜን መስመር አውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ከላምበረት መናኸሪያ እየተነሳ ደሴና ወልድያ ይመላለስ ነበር። ቤታችን ውስጥ ስለ መኪና የሚናገረው እሱ ብቻ ነው፤ ሌሎቻችን እንሰማለን። እኔን እንኳ መንዳት ያስተማረኝ እሱ አይደለም። ብለምነው ብለምነው የራስን ሰው ማስተማር ለጠብ ነው ብሎ ማሠልጠኛ ላከኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት ዓይኑን ታመመ። ሐኪሙ ግላኮማ ነው አለን። ፊት ለፊቱን ደህና አድርጎ ያያል፤ ጎንና ጎኑ ግን እየጠበበ ሄዷል። መድኃኒቱ ባለበት ያቆየው ይሆናል እንጂ የሄደውን አይመልስም፣ መኪና መንዳትም ይቅር ተባለ። ቤት ስንደርስ ቁልፉን አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠና «ዘይቷን እያየሽ» ብቻ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቁልፉ የሚሰቀለው ሳሎን በር አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ነው።

ከሰልፉ የተመለስኩ ዕለት እራት ላይ ነገሩን አነሳሁት። አባቴ እንጀራውን ትቶ እንደ ሐኪም ይጠይቀኝ ጀመር። ጭስ አላት ወይ፣ ጠዋት ስትነሳ ታንገራግራለች ወይ፣ ጎማዋን መቼ ነው ያስነፋሽው። እናቴ ውሃ ላምጣ ብላ ብድግ አለች። ጆጉ ጠረጴዛው ላይ ሙሉ ነበር፤ ያኔ ግን ልብ አላልኩትም። አባቴ ጥቂት አሰበና መጀመሪያ ጎማዋን እንዳሳይ፣ ካልሆነም ሞተሯ ውስጥ ያለው ካንዴላ ሊሆን እንደሚችል ነገረኝ። እንዲህ ረጋ ብሎ ሲናገር የማያምነው ሰው የለም።

ቅዳሜ ጎሚስታ ጋ ሄድኩ። እውነትም ሁለቱ የኋላ ጎማዎች አየር ጎድሏቸው ነበር። አስነፍቼ፣ ነገሩ አለቀ ብዬ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። በሳምንቱ ግን የቤንዚን መለኪያው ቀስት እንደገና ወደ ታች ወርዶ አገኘሁት። ያን ጊዜ ደብተር ገዛሁ። እስከ አፏ ሞልቼ የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋን ቁጥር ጻፍኩ፤ እንደገና ስሞላ የገባውን ሊትርና የሄድኩትን መንገድ አካፈልኩ። አባቴ በደህናው ጊዜ በሊትር አሥራ ሦስት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይል ነበር። የእኔ ሒሳብ ስምንት መጣ። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ደገምኩት። ያው ስምንት።

ካንዴላውን ያስቀየርኩት ላምበረት አካባቢ ጋራዥ ያለው መካኒክ ጋ ነው። ሰውየው ድሮ የአባቴን አውቶቡስ ይጠግን ስለነበር እሱን «ጋሼ» ነው የሚለው፤ እኔንም እንደ እህቱ ነው የሚያየኝ። ካንዴላውን ቀየረ፣ የአየር ማጣሪያውን አራግፎ መለሰ። ለውጥ የለም። ቤንዚን እየፈሰሰ ይሆናል ብዬ ከሥሯ ካርቶን አነጠፍኩ። ጠዋት ካርቶኑ እንደነበረ ደረቅ ነው። ከዚያ ሌባ ጠረጠርኩና የቤንዚን ማስገቢያውን ክዳን በሚቆለፍ አስቀየርኩት። አባቴ አዲሱን ክዳን ወጥቶ አየው፣ በጣቱ መታ መታ አደረገውና ጥሩ ዕቃ ነው አለ። ዛሬ ሳስበው ይሄ ሰው እንዴት አድርጎ ፊቱን እንደያዘ ይገርመኛል። እናቴ ብቻ፣ በየጊዜው፣ እባክሽ ለመኪና ይህን ያህል አትድከሚ ትለኝ ነበር።

መጋቢት ሲያልቅ መኪናዋን እንደገና ወደ መካኒኩ ወሰድኳት። በዚህ ጊዜ ራሱ ነዳት። በሰፈሩ አንድ ዙር ዞሮ ተመለሰ፣ ወረደ፣ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆመ።

«እህቴ፣ እንዳትቀየሚኝ» አለ። «ሞተሯ ደህና ነው። ፍሪሲዮኗ ነው የተበላው። እንዲህ አድርጎ የሚበላው ደግሞ ለማጅ ነው።»

«እኔ እኮ ከነዳሁ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው» አልኩት።

አውቃለሁ አለ፣ ወደ መሬት እያየ። ከዚያ ለትንሽ ልጅ እንደሚያስረዳ ሰው አስረዳኝ። አንዳንድ ሰው ሳያውቀው ግራ እግሩን ፍሪሲዮኑ ላይ አሳርፎ ይነዳል፤ መኪናዋም ሞተሯ ይጮኻል እንጂ አትሄድም፤ በአንደኛ ማርሽ ብቻ ዳገት ለዳገት ስትንፈራፈር የምትውል መኪና ደግሞ ቤንዚኗን በቁሟ ትጨርሰዋለች። ይሄ ዓመል በማንም ላይ ሊመጣ ይችላል አለኝ። ለምክሩ አመስግኜው ወጣሁ። እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም።

ቤት ገብቼ ለአባቴ ነገርኩት። ምናልባት እውነቱን ሊሆን ይችላል፣ እሑድ አብሬሽ ሄጄ አያለሁ አለ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከኮተቤ እስከ መገናኛ አጠገቤ ተቀምጦ ግራ እግሬን ሲቆጣጠር ዋለ። «እግርሽን አንሺ» ይለኛል፤ አንስቻለሁ እለዋለሁ። መብራት ላይ ስንደርስ ከመጨነቄ የተነሳ፣ በአሥራ አምስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሞተሯ ጠፋብኝ። ከኋላ ያሉት ሁሉ ጡሩምባ ነፉብኝ። አባቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር። አዘነብኝ ብዬ ነው ያሰብኩት።

በሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት፣ ለአራት ሰዓት ስብሰባ የሚያስፈልገኝን ወረቀት ቤት ረስቼ ሄድኩ። አለቃዬን አስፈቅጄ ዳገቱን እያለከለክሁ ወጣሁ። የግቢውን በር ስከፍት መኪናዋ የለችም። በቦታዋ ያለው የጎማዋ ምልክት ብቻ ነው። ሳሎን ገባሁ፤ ሚስማሩ ባዶ ነው። እማዬ ብዬ ተጣራሁ፣ አባዬ ብዬ ተጣራሁ፤ ማንም የለም። ሮጬ ወጥቼ ከበራችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላትን ሴት መኪናችንን ማን ሲወስድ እንዳየች ጠየቅኋት።

ሴትየዋ ምስር እየመዘነች ነበር። ሚዛኑን እንኳ አልለቀቀችም።

«እነሱማ ወደ ላይ ወጡ» አለችኝ። «ማክሰኞና ሐሙስ አይደል የሚወጡት?»

ማን ነው የሚነዳው አልኳት።

«ሲወጡ አባትሽ ናቸው። እናትሽ ከፊት ከፊት በእግራቸው እየሄዱ መንገዱን ያስለቅቁላቸዋል። ሲመለሱ ደግሞ እናትሽ ይነዳሉ።» ቀና ብላ አየችኝና የማላውቀው መሆኔን ያወቀች መሰለኝ፣ ልታጽናናኝ ፈለገች። «አሁንማ በጣም አሻሽለዋል» አለች።

ዳገቱን ስወጣ በዓይነ ሕሊናዬ የሚታየኝ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ በመንገዱ መሐል እየተራመደች፣ ልጁንም ውሻውንም በእጇ ገለል ስታደርግ፣ አባቴ ደግሞ ከኋላዋ በአንደኛ ማርሽ፣ በእሷ እርምጃ፣ ሞተሩን እያስጮኸ ሲከተላት ነው። ሰፈሩ ሁሉ ይህን በሳምንት ሁለቴ ያያል። ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ኮብልስቶኑ ሲያልቅ ቀይ አፈር መንገድ ይጀምራል፤ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ቅዳሜና እሑድ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ አለ። ከማየቴ በፊት ድምፁን ሰማሁ። መኪናችን እንደዚያ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። ከአንድ ዛፍ ኋላ ቆሜ አየሁ።

ሜዳው ላይ ድንጋይ ተደርድሯል። እናቴ መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ ተቀምጣለች፤ ቁመቷ አጭር ስለሆነ ከሥሯ የሶፋውን ትራስ አድርጋለች። አባቴ ጎኗ ነው፣ አንድ እጁ የእጅ ፍሬኑ ላይ። መኪናዋ ሦስት ጊዜ ዘለለችና ሞተሯ ጠፋ። ተነሳች፣ ጮኸች፣ እንደገና ዘለለች። ከዚያ በድንገት ነገሩ ለእናቴ ገባትና መኪናዋ ለስለስ ብላ ሄደች። ሜዳውን ዞረች። አባቴ በእጁ የሆነ ምልክት አሳየ፤ ማርሽ ሁለተኛ ገባ። በዚያች ቅጽበት የእናቴን ፊት በፊት መስተዋቱ በኩል አየሁት። ስትስቅ ሁልጊዜ አፏን በነጠላዋ ጫፍ የምትሸፍን ሴት ናት። አሁን ሁለቱም እጆቿ መሪው ላይ ስለሆኑ መሸፈኛ የላትም፤ ጥርሷ ሁሉ እየታየ ትስቃለች።

መናደዴን ረስቼ ከዛፉ ወጣሁ። እናቴ ስታየኝ ሁለት እጇን ከመሪው አንስታ ጭንቅላቷን ያዘች። አባቴ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። መኪናዋ ከእኔ አሥር እርምጃ ያህል ርቃ ቆመች። መጀመሪያ የወረደው እሱ ነው።

«ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?» አለኝ።

«ካንዴላ አስቀይረኸኛል እኮ» አልኩት። ከሁሉ ቀድሞ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።

«ካንዴላውስ መቀየር ነበረበት» አለ።

በዚህ ዓይን ዳገት መንዳቱ ደግሞ ሲታወሰኝ ቁጣዬ ተመለሰ። ሰው ቢገጭ፣ ገደል ቢገባ፣ እናቴን ራሷን ቢድጣት ምን ልንሆን ነው እያልኩ ብዙ ተናገርኩ። አባቴ መሬት መሬት እያየ ሰማኝ። እናቴ ከመኪናው ሳትወርድ በመስኮት ጠራችኝ።

«እሱን ተይው። እኔ ነኝ አስተምረኝ ያልኩት» አለች።

ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። ዓይኑን የታመመ ጊዜ አንድ ቀን ብቻቸውን ሆነው ሲጫወቱ፣ ያንን ሁሉ ዓመት ሰሜን ስመላለስ የአስፋልቱን ስንጥቅ አንድ በአንድ አውቀዋለሁ፣ ግራና ቀኙ ላይ ምን እንዳለ ግን አላውቅም ብሏታል። ተሳፋሪው ነው እንጂ ሾፌር አገር አያይም፤ ዓይኔ ሳይዘጋ አንዴ እንደ ተሳፋሪ ሆኜ ባየው ብሏታል። እናቴ ይህን በሆዷ ይዛ ከረመች። በአውቶቡስ እንዳይሄዱ፣ አውቶቡስ ቁሙልኝ ባሉት ቦታ አይቆምም። እኔን እንዳይጠይቁ፣ ሥራ አለብኝ፤ «ደግሞም» አለች እናቴ፣ «ነገሩ የእኔ እንዲሆን ፈለግሁ።» አስተምረኝ ስትለው እምቢ አለ። እሷም ለማንም ሳትነግር ሄዳ ማሠልጠኛ ተመዘገበች፣ የጽሑፉንም ፈተና አለፈች። ያኔ ነው አባቴ የተሸነፈው። ማሠልጠኛው የሚሰጣት ሰዓት ስላልበቃት ነው ወደ ሜዳው መውጣት የጀመሩት።

«ሠላሳ ዓመት በር ላይ ቆሜ ሸኘሁት» አለችኝ። «አንድ ቀን እንኳ አብሬው ሄጄ አላውቅም፤ ቤቱን ማን ይይዘዋል፣ እናንተን ማን ያበላል። አሁን ደግሞ እኔ ልውሰደው ብዬ ነው።»

አባቴ ከመኪናዋ ጎማ ላይ ሣር እየነቀለ ነበር። በዚህ መሐል ስልኬ ጮኸ፤ አለቃዬ ነው፣ ወረቀቱ የት ደረሰ ይላል። እየመጣሁ ነው አልኩ። እናቴ ሰምታ «ግቢ፣ ላድርስሽ» አለችኝ።

አባቴ ከኋላ ተቀመጠ፣ እኔ በእሱ ቦታ የእጅ ፍሬኑን ጨብጬ ተቀመጥኩ። ቁልቁለቱን በአንደኛ ማርሽ ወረድን። ከእኛ ይልቅ በእግሩ የሚሄደው ሰው ይፈጥን ነበር፤ እንዲያውም ሁለት ተማሪዎች አልፈውን ሄዱ። ሱቋ ጋ ስንደርስ ባለ ሱቋ ወጥታ ዛሬ ሦስት ሆናችሁ አለች። ወረቀቱን ከቤት ይዤ ስብሰባው ላይ በጣም ዘግይቼ ደረስኩ። ለአለቃዬ የመኪና ችግር ገጥሞኝ ነው አልኩት። ውሸት አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ደንብ አወጣሁ። አባቴ መሪ አይነካም። ማክሰኞና ሐሙስ ማለዳ፣ ከሥራ በፊት፣ እኔ እየነዳሁ አወጣቸዋለሁ፤ እናቴ ሜዳው ላይ ትለማመዳለች። ወደ ኋላ መንዳት ጎንና ጎን ማየት ስለሚፈልግ አባቴ ሊያስተምራት አልቻለም ነበርና እሱን እኔ ያዝኩ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ አስተማሪ አይደለሁም፤ ቶሎ እናደዳለሁ። አባቴ ግን አይቆጣም። ያ ምግብ ቀዘቀዘ ብሎ የሚነጫነጭ ሰው፣ እናቴ ሞተሩን ሃያ ጊዜ ስታጠፋው ለሃያ አንደኛው በዚያው ድምፅ «ቀስ፣ ቀስ አድርገሽ ልቀቂው» ይላታል። አንድ ቀን ለምን እኔን እንዲህ አላስተማርከኝም ብለው፣ ያኔ ሁልጊዜ ድካም ላይ ነበርኩ አለኝ።

የመጀመሪያውን የመንዳት ፈተና ወደቀች። ሁሉን በደንብ ጨርሳ፣ ደስ ብሏት የእጅ ፍሬኑን ሳትስብ ወረደች፤ መኪናው ፈታኙን እንደያዘ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ፈታኙ ራሱ ነው ይዞ ያቆመው። ሲነግሩኝ ሰውየው ተቆጥቶ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ለካ እሱም ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት፣ እማማ ሌላ ቀን ይምጡ ብሎ ሸኝቷታል። ሰኔ ላይ በድጋሚ ቀርባ አለፈች። መንጃ ፈቃዷን እህቴ እንኳ እንድትነካው አልፈቀደችም፤ በእጇ ይዛ ከሩቅ ነው ያሳየቻት።

ክረምቱ አለፈ፣ መንገዱ ደረቀ። ጥቅምት ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችን ወጣን። እናቴ መሪው ላይ፣ አባቴ ጎኗ፣ እኔ ከኋላ። ላምበረትን አልፈን በለገጣፎ በኩል ወደ ሰንዳፋ ወጣን። እናቴ ከአርባ አላለፈችም። ከኋላችን የሚመጣው ሁሉ ጡሩምባ እየነፋ ያልፈናል፤ አውቶቡሶቹ ሲያልፉን መኪናችን ትንቀጠቀጣለች። አባቴ ስለ አነዳዷ አንድ ነገር አልተናገረም፤ ዓይኑም ወደ መንገዱ አልነበረም። ጎኑ ስለጠበበበት መላ አንገቱን እያዞረ አንዴ በእሷ መስኮት፣ አንዴ በራሱ መስኮት ያያል። ጤፉ ቢጫ መምሰል ጀምሮ ነበር። አንዱ ጎጆ ላይ ዱባ ተንጠላጥሎ ሲያይ ለእኛ አሳየን።

አንድ ድልድይ ላይ ስንደርስ አቁሚ አላት። እናቴ ቀስ ብላ ከመንገዱ ወጥታ አቆመች፣ የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጇ ሳበች። ወርደን አንዲት ቀጭን መንገድ ተከትለን ከድልድዩ በታች ሄድን። ንጹሕ ወንዝ ነው፣ ጠባብ፣ ዳርና ዳሩ ላይ ሾላ የበቀለበት።

«ይሄ ሁሉ እዚህ ነበር እንዴ?» አለ አባቴ።

ከብቶቹን ውሃ የሚያጠጣ ሽማግሌ ገበሬ ነበር። እናቴ ከዚያው አካባቢ ስለሆነች በኦሮምኛ ሰላም አለችው፤ እንዲያውም ጥቂት ሲጨዋወቱ የአንዲት አክስቷ ጎረቤት ሆኖ ተገኘ። አባቴ የወንዙን ስም እንድትጠይቅለት ለመናት። ሽማግሌው ነገራት፤ አባቴ ራሱ ሁለት ሦስት ጊዜ እየደገመ አፉን አለማመደ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ጫማውን አውልቆ እግሩን ውሃው ውስጥ ከተተ። እናቴም አጠገቡ ተቀመጠች። ከበላያችን በድልድዩ ላይ አንድ የደሴ አውቶቡስ እየጮኸ አለፈ። አባቴ ቀና ብሎ አላየውም።

ስንመለስ እናቴ መኪናዋን ለማዞር ብዙ ጊዜ ፈጀባት። ሽማግሌው ከብቶቹን በዱላው ከልክሎ፣ ሳይሰለች እስክትጨርስ ጠበቃት። በማግስቱ እሑድ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን የመኪናዋን መስተዋቶች በጋዜጣ ሲወለውል አገኘሁት። በሚቀጥለው ቅዳሜ እኔ በእግሬ ገበያ ደርሼ ስመለስ መኪናዋ ግቢ ውስጥ አልነበረችም። ከሰንዳፋም አልፈው ሸኖ ድረስ ሄደዋል፤ እኔን አልጠሩኝም።